የአነስተኛ ነጋዴዎች የወጪ ዕቃ የጉምሩክ ሰነድ አዘገጃጀት

በምዕራብ ጎጃም ዞን የቡሬና የፍኖተ ሰላም አካባቢ በበርበሬ ምርቱ ይታወቃል። ምርቱን በጭነት መኪና ወደ ውጭ ሀገር የሚልክ አነስተኛ ነጋዴ ዕቃው ከመጋዘን ከመውጣቱ አስቀድሞ የንግድ ኢንቮይስ፣ የእሽግ ዝርዝር፣ የማጓጓዣ ሰነድ፣ የስሪት ሀገር ማስረጃ፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና ከባንክ የሚሰጥ የወጪ ንግድ ፈቃድ ማዘጋጀት ይኖርበታል። በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ዲክላራሲዮኑን ባለዕቃው ራሱ ወይም ፈቃድ ያለው የጉምሩክ አስተላላፊ ያቀርባል።

ዲክላራሲዮን የሚሞላው ከእነዚህ ሰነዶች በመሆኑ የአንዱ ስህተት ወደ ሌላው ይተላለፋል። ለአብነት፣ በዓለም አቀፉ የታሪፍ አመዳደብ ያልተፈጨ ደረቅ በርበሬ በቁጥር 0904.21፣ የተፈጨው ደግሞ በ0904.22 ይመደባል። ኢንቮይሱ «በርበሬ» ብቻ የሚል ከሆነ ምድቡን ለመለየት አያስችልም። የከረጢት ብዛት፣ የተጣራና ጠቅላላ ክብደትም በሰነዶቹ ሁሉ አንድ መሆን አለበት።

በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ፈቃዶችን በአንድ ሥርዓት ለመጠየቅ አስችሏል፤ ሆኖም የተሳሳተ ክብደት ቢመዘገብ የሚያርመው ባለዕቃው ነው። ልዩነቱ በኬላ ላይ ከተገኘ መኪናው ይቆማል፤ የቆመበትም ኪራይ የአነስተኛውን ነጋዴ ትርፍ ይወስዳል። ስለዚህ ነጋዴውን የሚያማክሩ የወረዳ ባለሙያዎች ሰነዱንና ጭነቱን በመነሻው እንዲያመሳክር ቢያግዙት ወጪውን ያድኑለታል።