ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የቀረው ሕመም፦ የኬኔዲ ጀርባ

መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1963) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ሲደርሱ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ከነባለቤቱ ወጥቶ ተቀበላቸው። ጃንሆይ 71 ዓመታቸው ነበር፤ አስተናጋጃቸው ገና 46። ሁለቱ በክፍት መኪና ሲያልፉ ያየ ሰው «ጀርባው ያለቀበት የትኛው ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ጃንሆይን በጠቆመ ነበር። አራት ጊዜ ጀርባው በቢላ የተከፈተው ግን ወጣቱ ነው።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚነገረው ከጦርነቱ ጀምሮ ነው። በኦገስት 1943 የጃፓን የጦር መርከብ የእሱን ትንሽ ጀልባ ሰለሞን ደሴቶች አጠገብ ለሁለት ቆረጣት፤ ኬኔዲም የቆሰለ ባልደረባውን እየጎተተ ለሰዓታት ዋኘ። ይህ እውነት ነው። ጀርባው ግን ከዚያም በፊት ያመው ነበር። ጀግንነቱ ለሕመሙ ጥሩ ምክንያት ስለሆነ ብቻ የቀደመው ተረሳ።

የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በጁን 1944 ቦስተን ላይ ተደረገ። የዲስክ ኦፕራሲዮን በዚያን ጊዜ ገና አዲስ ነበር። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ሲጫን ከወገብ እስከ እግር የሚወርድ ሕመም እንደሚያመጣ ሚክስተርና ባር የተባሉ የዚያችው ከተማ ሐኪሞች ያሳወቁት በ1934 ነው። ተስፋው ትልቅ ነበር፦ ዲስኩ ይውጣ፣ ሕመሙ ይጥፋ። የኬኔዲን ጀርባ የከፈቱት ሐኪሞች ግን ያገኙት በግልጽ የወጣ ዲስክ ሳይሆን የላላና ያረጀ ነገር ነበር። ከአልጋው ተነሥቶ መራመድ ሲጀምር ጡንቻዎቹ እየተኮማተሩ ያሠቃዩት ጀመር። ሕመሙም አልሄደም።

ይህ በእሱ ብቻ የደረሰ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የተጨፈለቀ ነርቭ የሚጫነው ነገር ቢነሣለትም ወዲያው አይረሳም። የተጎዳ ነርቭ እንደገና ሲያድግ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ ከወገብ እስከ እግር ጣት ያለውን ርቀት ማስላት ነው። በቢላው መንገድ የሚበቅለው ጠባሳም ነርቩን መልሶ ሊይዘው ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ አደጋው ካለፈ በኋላ ማንቂያ ደወሉ ብቻ ሲጮህ ይቀራል። «ኦፕራሲዮን ተደርገህ የለም እንዴ? ታዲያ አሁን ምን ያምሃል?» የሚለው የዘመድ ጥያቄ ለብዙ ሕመምተኛ ከሕመሙ እኩል የሚከብደው ለዚህ ነው።

በ1954 ኬኔዲ ሴናተር ሆኖ በክራንች ነበር የሚሄደው። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎቹ በአዲሰን በሽታ ስለተዳከሙ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሊገድለው ይችል ነበር። እሱ ግን በክራንች ከመኖር ይሻላል ብሎ በኦክቶበር 21 ኒው ዮርክ ውስጥ ቢላው ሥር ገባ። ጀርባውን ለማጽናት ብረት ተቀበረበት። ኢንፌክሽን ተከተለ፣ ራሱን ሳተ፣ ካህን ተጠርቶ የመጨረሻውን ጸሎት አደረሰለት። ተረፈ። ብረቱ በፌብሩዋሪ 1955 ወጣ፤ ቁስሉ ግን ለወራት ሳይዘጋ ቆየ። በ1957 ደግሞ መግል ለማውጣት እንደገና ተከፈተ።

ከዚህ በኋላ ያለው የቢላ ታሪክ ሳይሆን ከሕመም ጋር የመኖር ታሪክ ነው። በ1955 ያገኛት ዶ/ር ጃኔት ትራቬል የተቋጠሩ ጡንቻዎቹን በማደንዘዣ መርፌ ታላላ ነበር። ጫማው ውስጥ ማስተካከያ አስገባችለት፤ ዛሬ ምልክቱ የሆነውን ተወዛዋዥ ወንበርም እሷ ናት የመከረችው። መጥፎ አቋራጭም ነበረ። ማክስ ጃኮብሰን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም አምፌታሚን ያለበት መርፌ ይወጋው ነበር፤ በጁን 1961 ኬኔዲ ቪየና ላይ ከክሩሽቼቭ ጋር ሲገናኝ እንኳ ሰውየው አብሮ ሄዷል። የኑክሌር መሣሪያ የሚያዝ ሰው ደም ውስጥ ምን እንዳለ መራጩ ሕዝብ አያውቅም ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ መርፌው መብዛቱ ያሳሰባቸው ሌሎች ሐኪሞቹ ሃንስ ክራውስን አመጡ። ክራውስ ተራራ መውጣት የሚወድ፣ በኦስትሪያ ምድር የተወለደ ሐኪም ነበር። መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፦ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሆድና የጀርባ ጡንቻን ማሠራት፣ የተጨመተረውን ቀስ ብሎ መሳብ። አራት ጊዜ ቢላ ያልሰጠውን እፎይታ ይህ በመጠኑ ሰጠው። ለውጡም በወራት እንጂ በቀናት የመጣ አልነበረም።

ስለዚህ ሁሉ ሕዝቡ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የ1954ቱ ቀዶ ሕክምና በማግስቱ ዓመት በአንድ የሕክምና መጽሔት ታትሟል፤ ሕመምተኛው ግን ስም የሌለው «የ37 ዓመት ሰው» ነበር። ስለ ኮዴይን፣ ስለ ዴመሮልና ስለ ሜታዶን የሚናገሩት መዝገቦቹን የታሪክ ጸሐፊው ሮበርት ዳሌክ ለአንባቢ ያወጣቸው በ2002 ነው።

ክራውስ ሊያስተወው የፈለገው አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፦ ጠንካራው የወገብ መደገፊያ። ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ኬኔዲ ዳላስ ላይ በክፍት መኪና ሲሄድ ወገቡ በዚያ ታስሮ ነበር። የመጀመሪያው ጥይት ሲያገኘው መደገፊያው ቀጥ አድርጎ ስለያዘው ጎንበስ ማለት አልቻለም፤ ሁለተኛው ጥይት ጭንቅላቱን ያገኘው ለዚህ ነው የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ሆስፒታል ሲደርስ መደገፊያውን ፈትተው አወለቁለት።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ በፊት ባቡር ጣቢያ ተቀብሏቸው የነበረውን ሰው ጃንሆይ በእግራቸው ሸኙት።