ኤሮስ፣ አጋፔ እና የአምኖን ፍቅር፦ በኒግሬን ክፍፍል ላይ የቀረበ ትችት

ኤሮስ የተሰኘው የግሪክ ቃል ሰውን ወደሚሻው ነገር የሚስብ ብርቱ ምኞትን ያመለክታል። በሆሜር ግጥሞች የመብልና የመጠጥ አምሮት በዚሁ ቃል ሲጠራ፣ ፕላቶ በ«ሲምፖዚየም» የብልሃትና የድህነት ልጅ፣ ስለዚህም የጎደለውን ዘወትር ፈላጊ አድርጎ ያቀርበዋል። እስከዚህ ድረስ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም።

ክርክሩን ያስነሳው ስዊድናዊው የነገረ መለኮት ሊቅ አንደርስ ኒግሬን ነው። በ1930 እና በ1936 እ.ኤ.አ. በታተመው ሥራው ኤሮስን ለራስ የሚሻና ወደ ላይ የሚወጣ ግሪካዊ ፍቅር፣ አጋፔን ደግሞ የተወዳጁን ዋጋ ሳይመዝን ከእግዚአብሔር የሚወርድ ክርስቲያናዊ ፍቅር ብሎ ፈጽሞ ለያያቸው።

ይህ ክፍፍል ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ በመለሰው በሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ፊት አይጸናም። በካልዕ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 አምኖን የታመመ መስሎ ተኝቶ፣ እኅቱ ትዕማር በፊቱ እንጎቻ ጋግራ ስታቀርብለት በግድ ይደፍራትና ወዲያው ይጠላታል፤ ቁጥር 15 ጥላቻው ከቀድሞ ፍቅሩ እንደበለጠ ሲናገር ያን ፍቅር የሚጠራው አጋፔ ብሎ ነው። ኤሮስ ለተርጓሚዎቹ እንግዳ ስለነበረ ነው እንዳይባል፣ በምሳሌ 7፥18 አመንዝራዪቱ ሴት ወጣቱን ስታባብል ይገኛል። በአዲስ ኪዳንም ዴማስ ጳውሎስን ትቶ የሄደው ይህን ዓለም ስለወደደ ሲሆን (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥10)፣ ግሱ ከአጋፔ ጋር አንድ ሥር አለው።

ከሁሉ ይልቅ ተገቢውን ክብደት ያጣው ምስክር፣ ግሪክኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው የሆነው እስክንድርያዊው ኦሪጀን ነው። በመኃልየ መኃልይ ሐተታው መግቢያ ላይ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ደካማው አንባቢ እንዳይሰናከል ሲል ኤሮስ በሚባልበት ቦታ አጋፔን እንደሚያስገባ ያስረዳል፤ ከሚጠቅሳቸውም ምሳሌዎች አንዱ ይኸው የአምኖን ታሪክ ነው። መግቢያው የተረፈው በሩፊኖስ የላቲን ትርጉም ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ቃል ላይ መጠንቀቅ ይገባል፤ የሙግቱ አካሄድ ግን ግልጽ ነው። ኒግሬን በበኩሉ ኦሪጀንን ሁለቱን ፍቅሮች የቀላቀለ አድርጎ ይነቅፈዋል። ጥናቱ ስለ መሠረታዊ ሐሳብ እንጂ ስለ ቃላት አይደለም የሚለው መከላከያም ብዙ አያራምድም፤ ሐሳቦቹን በሁለቱ የግሪክ ቃላት የሰየማቸው ራሱ ኒግሬን ነውና።