ክሪቲካ፤ የሕንዶች የልደት ኮከብና ስድስቱ እናቶች

በአገራችን ባልና ሚስት ተጋብተው መስማማት ሲሳናቸው፥ ሽማግሌዎችም የጠቡን ምክንያት መርምረው ሲያጡ፥ «ምን ይደረግ፤ ኮከባቸው አልገጠመም» ይባላል። ይህ አነጋገር ለብዙዎቻችን የንግግር ማሳመሪያ ከመሆን አያልፍም። በሕንድ አገር ግን ለብዙ ሕዝብ ነገሩ በወረቀት ላይ ተቈጥሮ የሚታይ ሒሳብ ነው። የሙሽራውና የሙሽራይቱ የልደት ኮከቦች ተነጻጽረው ከ36 ነጥብ ይመዘናሉ፤ ድምሩ ከ18 ያነሰ እንደ ሆነ፥ ልማዱን በሚጠብቁ ቤተ ሰቦች ዘንድ ጋብቻው አይበጅም ይባላል። እንግዲህ ሕፃኑ ከእናቱ እቅፍ ሳይገባ ጠባዩንና ዕድሉን ይወስናሉ የሚባሉት እነዚህ ኮከቦች ምንድር ናቸው? ስለ እነርሱ የሚነገረውስ ከወዴት መጣ? ሁሉንም በአንድ ጽሑፍ መዘርዘር ስለማይቻል፥ ከመካከላቸው ታሪኳ የረዘመውን አንዲቱን፥ ክሪቲካ የምትባለውን፥ መርጠን እንመለከታለን።

አስቀድሞ የሥርዓቱን መሠረት ማወቅ ያስፈልጋል። ጨረቃ በከዋክብት መካከል የምታደርገውን ዙር የምትፈጽመው በ27 ቀን ከ8 ሰዓት ያህል ነው። የጥንት ሕንዶች ይህን አስተውለው የጨረቃን መንገድ በ27 ማደሪያዎች ከፈሉት፤ እያንዳንዱ ማደሪያም 13 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ይይዛል። ማደሪያው በቋንቋቸው ናክሻትራ ይባላል። በአፈ ታሪካቸው ደግሞ 27ቱ ናክሻትራዎች የዳክሻ ሴቶች ልጆችና የጨረቃ ሚስቶች ናቸው፤ ጨረቃም በሕንዶች ዘንድ ወንድ ስለ ሆነ በየሌሊቱ በአንዲቱ ቤት ያድራል። አንድ ሰው በተወለደበት ሰዓት ጨረቃ ያደረበት ማደሪያ የዚያ ሰው የልደት ኮከብ ይባላል።

ክሪቲካ ለእኛም እንግዳ አይደለችም። በመጽሐፈ ኢዮብ «ሰባቱ ከዋክብት» ተብለው የተጠሩት፥ ዐረቦች ሱረያ የሚሏቸው፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስበው የሚታዩት ከዋክብት ናቸው። ዐይን ያለ መሣሪያ የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ስድስቱን ብቻ ነው። የዘመናችን የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በመነጽር መርምረው ከ1000 በላይ ከዋክብት በአንድነት እንደሚገኙበት፥ ከእኛም 440 የብርሃን ዓመት ያህል እንደሚርቁ ገልጸዋል። ሕንዶች ከወራቶቻቸው አንዱን ካርቲካ ብለው የሰየሙት፥ ሙሉ ጨረቃ በእነዚህ ከዋክብት አጠገብ የምትታይበት ወር ስለ ሆነ ነው፤ ይኸውም ከእኛ ጥቅምትና ኅዳር ጋር ይገጥማል።

በጥንታዊ የቬዳ መጻሕፍት የማደሪያዎቹ ቍጥር የሚጀምረው ከክሪቲካ ነው። ታይቲሪያ በተባለው ክፍል የከዋክብቱ ስም አንድ በአንድ ተጽፎ ይገኛል፤ ቍጥራቸውም ሰባት ነው። ከሰባቱም ስሞች የሦስቱ ትርጓሜ ከጉምና ከደመና ከዝናምም ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ስም ያወጡ ሰዎች ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጡ የሚፈልጉት የሰውን ጠባይ ሳይሆን የዝናሙን ወራት እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ገበሬ ለሆነ ሕዝብ ኮከብ የሰማይ ሰዓት ነውና።

ሻታፓታ ብራህማና የሚባለው የሥርዓተ መሥዋዕት መጽሐፍ ደግሞ፥ የመሥዋዕቱን እሳት ለመትከል የክሪቲካ ጊዜ የተመረጠ መሆኑን ሲያስረዳ ሦስት ምክንያት ይሰጣል። አንደኛው ክሪቲካ የእሳት አምላክ የአግኒ ማደሪያ መሆኗ ነው። ሁለተኛው ሌሎቹ ማደሪያዎች ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት፥ ቢበዛ ባለ ሦስትና ባለ አራት ኮከብ ሲሆኑ እርሷ በቍጥር ትበልጣለች። ሦስተኛውም ሌሎቹ ከምሥራቅ ዘወር ሲሉ እርሷ ከምሥራቅ ፈቀቅ አትልም የሚል ነው።

ይህ ሦስተኛው ምክንያት በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ላይ ብዙ ክርክር አስነሣ። ምድር የምትዞርበት ዘንግ እንደ እንዝርት ቀስ ብሎ ስለሚዘዋወር፥ ከዋክብት የሚወጡበት ስፍራ በረዥም ዘመን ይለወጣል፤ ለውጡም በ72 ዓመት አንድ ዲግሪ ያህል ነው። ዛሬ ክሪቲካ የምትወጣው ከትክክለኛው ምሥራቅ ወደ ሰሜን ርቃ ነው። ሻንካር ባላክሪሽና ዲክሺት የተባለው ሕንዳዊ ሊቅ ይህን ይዞ ወደ ኋላ ቢቈጥር፥ ክሪቲካ በትክክል በምሥራቅ ትወጣ የነበረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 3000 ዓመት ያህል ላይ እንደ ሆነ አገኘ፤ ቃሉም በዚያ ዘመን የታየ ነው አለ። ሌሎች ሊቃውንት ግን የመጽሐፉ ቋንቋ ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ የመጣ መሆኑን፥ አንድ የመሥዋዕት ቃልም እንደ መለኪያ መሣሪያ ሊቈጠር እንደማይገባው እያስረዱ ተቃወሙት። ክርክሩ ዛሬም ፈጽሞ አልተዘጋም። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ያልካዱት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰማይ ራሱ የሚለወጥ መሆኑ ነው። በኋላ ዘመን ቍጥሩ ከአሽዊኒ እንዲጀመር ተደርጎ ክሪቲካ ከአንደኛነት ወደ ሦስተኛነት ወርዳለች።

አሁን ወደ አፈ ታሪኩ እንግባ። ያው ሻታፓታ ብራህማና፥ ክሪቲካዎች የሰባቱ ጠቢባን ሚስቶች ነበሩ፤ ነገር ግን ጠቢባኑ በሰሜን እነርሱ በምሥራቅ ስለሚወጡ ከባሎቻቸው ተለይተው ይኖራሉ ይላል። ሰባቱ ጠቢባን የሚባሉት በሰሜን ሰማይ የሚታዩት የታላቁ ድብ ሰባት ከዋክብት ናቸው። የመለያየቱን ምክንያት በሰፊው የሚተርከው ግን ማሃባራታ የተባለው ታላቁ የሕንድ የጀግንነት መጽሐፍ ነው።

በዚያ እንደ ተተረከው፥ አግኒ የሰባቱን ጠቢባን ሚስቶች አይቶ በፍቅራቸው ነደደ። ሴቶቹ ደጋጎች መሆናቸውን ስላወቀም ተስፋ ቈርጦ ወደ ዱር ገባ። የዳክሻ ልጅ ስዋሃ ግን አግኒን ትወደው ነበርና የጠቢባኑን ሚስቶች መልክ እየለወጠች አንድ በአንድ ወደ እርሱ ቀረበች። የስድስቱን መልክ ስትይዝ የሰባተኛይቱን የአሩንዳቲን መልክ ለመያዝ አልቻለችም፤ የአሩንዳቲ ትጋትና ታማኝነት ከለከላት። ከዚህም ነገር ባለ ስድስት ራስ ሕፃን ተወለደ፤ ስሙም ስካንዳ ተባለ።

ወሬው በተሰማ ጊዜ ስድስቱ ጠቢባን ሚስቶቻቸውን ፈቱ። ስዋሃ ራሷ «ልጁ የእኔ ነው» ብላ ተናገረች። እውነቱን ያወቀው ቪሽዋሚትራም ሴቶቹ በደል የሌለባቸው መሆናቸውን መሰከረ። ጠቢባኑ ግን ምስክርነቱን ሰምተውም ሚስቶቻቸውን ሳይመልሱ ቀሩ። በዚህ ጊዜ ስድስቱ ሴቶች ወደ ሕፃኑ ሄደው፥ ያለ በደላቸው መባረራቸውን፥ ማደሪያም ማጣታቸውን ገልጸው እናቶቹ እንዲያደርጋቸው ለመኑት። እርሱም እናቶቼ ናችሁ ብሎ ተቀበላቸው፤ በሰማይም ስፍራ ተሰጣቸው። ክሪቲካ የምትባለው የከዋክብት ዘለላ እነርሱ ናቸው።

ራማያና የተባለው መጽሐፍ የልደቱን ነገር በሌላ መንገድ ይተርከዋል። በዚያ አማልክት ክሪቲካዎችን ሕፃኑን እንዲያጠቡ አዘዟቸው፤ ሕፃኑም ከስድስቱ አንዲቱን እንዳያስቀር ስድስት ፊት አውጥቶ የሁሉንም ጡት ጠባ። ከዚህ የተነሣ ካርቲኬያ፥ ማለት የክሪቲካዎች ልጅ፥ ተባለ። አድጎም የአማልክት ሠራዊት አለቃ ሆነ። በደቡብ ሕንድ የታሚል ሕዝብ ሙሩጋን እያለ ያከብረዋል። በዚያው አገር ካርቲጋይ በሚባለው ወር በቤት ደጃፍ ሁሉ መብራት ይበራል፤ በቲሩቫናማላይ ተራራ ጫፍም ከሩቅ የሚታይ ታላቅ እሳት ይለኰሳል።

ከዚህ በኋላ ኮከብ ቈጣሪዎች ስለ ክሪቲካ ልጆች የሚሉትን ብንሰማ ነገሩ ይገለጥልናል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው ምዕት ዓመት በኡጃይን አገር የነበረው ቫራሃሚሂራ፥ ብሪሃት ጃታካ በተባለው መጽሐፉ፥ በክሪቲካ የተወለደ ሰው በላተኛ፥ የሰው ሚስት የሚወድ፥ ግርማው የሚያበራና ስሙ የታወቀ ነው ይላል። የኋላ ኮከብ ቈጣሪዎችም የክሪቲካን ምልክት ምላጭ አድርገው፥ ልጆቿ አንደበታቸው የሚቈርጥ፥ ቍጣቸው የሚፋጅ ናቸው ብለው ጨመሩበት።

አንባቢ ይህን ጠባይ ከወዴት እንዳመጡት ሳይገነዘብ አይቀርም። ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ማን ነው? እሳት ነው። የጠቢባንን ሚስቶች የተመኘ ማን ነው? አግኒ ነው። የሚያበራና በሁሉ ዘንድ የታወቀም እርሱ ነው። እንግዲህ በእኔ አስተያየት የክሪቲካ ልጅ ጠባይ ሰዎችን በመመርመር የተገኘ አይመስልም፤ ከአፈ ታሪኩ ተገልብጦ በሕፃናት ራስ ላይ የተጫነ ነው። ከሰዓተ ልደት ተነሥቶ የሰውን ሕይወት የመተንበዩ ጥበብ በአመዛኙ በሕንድ የተስፋፋው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በነበሩት የመጀመሪያዎቹ ምዕት ዓመታት ከግሪኮች ጋር በተደረገው ግንኙነት ነው፤ ቫራሃሚሂራ ለዚህ ጥበብ የሚጠቀምበት ሆራ የሚለው ቃል እንኳ ግሪክኛ ነው። ለመሥዋዕትና ለዝናም ወራት ትቈጠር የነበረች ኮከብ በዚህ ጊዜ የሰው ዳኛ ሆና ተሾመች።

ይህ ዳኝነት ስም እስከ ማውጣት ይደርሳል። በሕንድ ልማድ ለእያንዳንዱ የልደት ኮከብ የተመደቡ ድምፆች አሉ፤ በክሪቲካ የተወለደ ልጅ ስሙ በአ፥ በኢ፥ በኡ ወይም በኤ እንዲጀምር ይደረጋል። በእኛ አገር በአውደ ነገሥት የሚቈጥር ደብተራ ደግሞ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቍጥር ደምሮ በ12 ይገድፍና በተረፈው ኮከቡን ያገኛል። በሕንድ ኮከብ ስምን ይሰጣል፤ በእኛ አገር ስም ኮከብን ይሰጣል። መንገዱ ተቃራኒ ሲሆን የሚደርስበት ፍርድ ግን አንድ ዐይነት ነው፤ ሁለቱም ሰውየው ምን እንደ ሠራ አይጠይቁም።

ነገሩ በምርመራ ተፈትኖ ያውቃል። ጃያንት ናርሊካር የተባለው ታዋቂ የሕንድ የሥነ ፈለክ ሊቅ ከጓደኞቹ ጋር የ200 ልጆችን የልደት ሰዓት ሰበሰበ፤ 100ዎቹ በትምህርታቸው ብሩሃን የሆኑ፥ 100ዎቹም የአእምሮ ዕድገት ጕድለት ያለባቸው ነበሩ። ለእያንዳንዱ ኮከብ ቈጣሪም የ40 ልጆች ሰንጠረዥ ተሰጥቶት የትኛው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ እንዲለይ ተጠየቀ። መልስ የሰጡት ኮከብ ቈጣሪዎች 27 ነበሩ፤ ቍጥራቸው ከማደሪያዎቹ ቍጥር ጋር መግጠሙ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ2009 እንደ ታተመው ውጤት፥ በአማካይ ከመቶ 46 ያህሉን ብቻ ለዩ፤ ይህም ሳንቲም እየወረወሩ ቢፈርዱ ከሚገኘው የማይሻል ነው። ይሁን እንጂ ልማድ በአንድ ምርመራ አይሻርምና፥ ስንት የተዋደዱ ልጆች ድምሩ ከ18 ስላነሰ ብቻ ተለያይተዋል።

አፈ ታሪክን ግን ከኮከብ ቈጠራው ጋር አብረን ልንጥለው አይገባም። አፈ ታሪኩ ከቈጣሪዎቹ ይልቅ ፍርድ ያውቃል። ስድስቱ ሴቶች የተፈረደባቸው ባልሠሩት ሥራ ነው፤ የፈረዱባቸውም አላዋቂዎች ሳይሆኑ ጠቢባን የተባሉት ናቸው፤ የፈረዱትም ምስክር ጠፍቶ ሳይሆን ምስክሩን ከሰሙ በኋላ ነው። ያነሣቸውም ከእነርሱ ያልተወለደው ሕፃን ነው። ስሙንም የወረሰው ከወለዱት ሳይሆን እናት ከሆኑለት ነው። የጡት ልጅን ወግ ለምናውቅ፥ ከማር የተነከረ ጣት ጠብቶ ልጅ የሆነ ሰው በሥጋ ከተወለደው እኩል እንደሚቈጠር ለምናውቅ ለእኛ፥ ይህ ነገር ብዙ ትርጓሜ አያሻውም።

እንግዲህ አንድን ሕፃን በክሪቲካ ተወልዷልና በላተኛና ወስላታ ይሆናል ብሎ አስቀድሞ መፍረድ፥ ጠቢባኑ በሚስቶቻቸው ላይ ያደረጉትን መድገም ነው። መምህራን በኅዳር ማታ ተማሪዎቻቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ሰባቱን ከዋክብት ቢያሳዩአቸው መልካም ነው። ስድስቱን ይቍጠሩ፤ ሰባተኛይቱን ይፈልጉ፤ ምድር እንዴት እንደምትዘዋወር ይጠይቁ። ያን ጊዜ ያቺ የብርሃን ዘለላ የሰው ዳኛ መሆኗ ቀርቶ እንደ ጥንቱ የዘመን መቍጠሪያና የዕውቀት መነሻ ትሆናለች።