ቀይ ቀበሮ ለምን ቆላ አይወርድም?

ባለፈው አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ቀይ ቀበሮ ለምን ቆላ ወርዶ አይኖርም?» ብሎ ጠየቀኝ። ደወል ተደወለና በቅጡ ሳልመልስለት ቀረሁ።

በመጀመሪያ ስሙ አያሳስታችሁ፤ የቅርብ ዘመዱ ተኩላ ነው። አያቶቹ ከ100,000 ዓመት ገደማ በፊት ከዩራሲያ እንደመጡ ይታመናል። ያኔ የበረዶ ዘመን ስለነበር የእኛ ውርጫማ ደጋ ከአሁኑ በጣም ይሰፋ ነበር፤ ሣሩ ውስጥ ደግሞ አይጥና ፍልፈል ሞልቷል። እንግዳው በትውልድ ብዛት ለዚያ ምግብ ተስማማ፤ አፉ ሾጠጠ፣ ጥርሶቹ አነሱና ተራራቁ። ባሌ፣ ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ብትወጡ የግዙፉ ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አድፍጦ ታገኙታላችሁ። (ፍልፈሉም የዋዛ አይደለም፤ ዓይኖቹ አናቱ አካባቢ ስለሆኑ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ አካባቢውን ይቃኛል!) የሚገርመው፣ እንደ ተኩላ በመንጋ ይኖራል፣ ግዛቱን በጋራ ይጠብቃል፣ አደን ግን ለየብቻ ነው። አንድ አይጥ ለስንት ይካፈላል?

ከዚያ ዓለም ሞቀች። ውርጩ ወደ ተራራው አናት ሸሸ፣ እሱም ምግቡን ተከትሎ ወጣ። ከታች ደግሞ እርሻና ከብት ገፋው። ዛሬ ባሌ፣ አርሲ፣ ሰሜንና ጥቂት ተራሮች ላይ ተበታትኖ የቀረው አዋቂ 500 አይሞላም። ሰው ሲመጣ ውሻው አብሮ ይመጣል፣ ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 ባሌ ላይ ብዙውን ፈጀው፤ በ2003ም ተመልሶ መጣ። ከ2018 ጀምሮ ባለሙያዎች ክትባቱን ሥጋ ውስጥ እየደበቁ ያበሉታል።