ውሻ የተሳፈረባት ጀልባ

መቀሌ ወደብ የላትም። ወንዝ ሲነሳ የከተማዋ ሰው የሚጠራው እላላን ነው፤ እርሱም በክረምት ደፍርሶ የሚወርድ፣ በበጋ ድምፁ የሚጠፋ መለስተኛ ወንዝ ነው። ይሁንና እላላ ወደ ጊባ፣ ጊባ ወደ ተከዜ፣ ተከዜ ወደ አትባራ፣ አትባራም ወደ አባይ ይገባል። በከተማችን ጣሪያ ላይ የወረደች የሐምሌ ዝናብ ጠብታ፣ ዕድል ከቀናት፣ ሜዲትራንያን ባሕር ትደርሳለች። ውሃው ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ሲሄድ እኛ ግን አብረነው ተጉዘን አናውቅም። ለመሆኑ ስለምን ይሆን?

ይህን ጥያቄ የጫረብኝ በእንግሊዝ አገር ጸደይ በገባ ቁጥር የሚታይ አንድ የመዝናኛ ልማድ ነው። ሰዎቹ «ናሮውቦት» በሚሏት ረጅምና ጠባብ ጀልባ ይሳፈራሉ፤ ውሻቸውን ከፊት ያስቀምጣሉ፤ ከዚያም በእግረኛ ፍጥነት በቦይና በወንዝ ላይ ሲንሸራሸሩ ይሰነብታሉ። ከመንደር ሲደርሱ ጀልባዋን ከዳር ያስራሉ፤ ውሻው ዘልሎ ይወርዳል፤ ሲመሽም ተመልሰው እዚያችው ጀልባ ውስጥ ያድራሉ። ስለዚህ ነገር ሳነብ የገረመችኝ ጀልባዋ አይደለችም፤ ውሻው ነው። በእኛ ዘንድ ውሻ የግቢ ዘበኛ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለን የመደብንለት ስፍራ አለው። ጌታው መንገድ ሲወጣ እርሱ ቤት ይጠብቃል እንጂ የጉዞ ጓደኛ ሆኖ አይሳፈርም።

ነገሩን ወደ ኋላ ሄጄ ስመረምር ግን ያቺ የመዝናኛ ጀልባ በመዝናኛነት እንዳልተወለደች ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ1761 የብሪጅወተር ቦይ ተከፍቶ የድንጋይ ከሰል ወደ ማንችስተር መጓዝ ሲጀምር እንግሊዛውያን አገራቸውን በቦይ መሸንሸን ያዙ። ኮረብታ ሲገጥማቸው ውሃውን በደረጃ የሚያወጡና የሚያወርዱ በሮች ሠሩለት። ከበሮቹ ብዙዎቹ ጠባብ ስለነበሩ ጀልባዎቹም ወርዳቸው 2 ሜትር ከጥቂት፣ ርዝመታቸው ግን እስከ 22 ሜትር ሆነ። ጀልባዋን የሚጎትታት በዳር የሚሄድ ፈረስ ነበር። ኋላ ባቡር መጥቶ የጭነቱን ገበያ ሲሻማ፣ የቤት ኪራይ መክፈል የተሳነው ጀልበኛ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከጀልባዋ ጓዳ ገባ። በ3 ሜትር ክፍል ውስጥ ተወለዱ፣ አደጉ፣ ሞቱ። ዛሬ በቄንጥ የሚታዩት የተሳሉ ጽጌረዳዎች የዚያ ድህነት ጌጦች ናቸው። ቶም ሮልት የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1939 ከባለቤቱ ጋር በቦዮቹ ተጉዞ፣ በ1944 ስለ ጉዞው ያሳተመው መጽሐፍ ብዙ አንባቢ አነቃ። በ1946 ቦዮቹን ከመደፈን የሚታደግ ማኅበር ተቋቋመ። የ1962–63ቱ ብርቱ ክረምት ውሃውን አግግሮ የቀረውን የጭነት ሥራ ሲያዳክም፣ ጀልባዋ ሁለተኛ ሕይወቷን በሽርሽር ጀመረች። እንግዲህ ያ ውሻ እንዲያ ተዝናንቶ የሚቀመጠው የ200 ዓመት ድካም በደለደለው ውሃ ላይ ነው።

የእኛ ወንዝ ግን ማንም አልደለደለውም። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ በአንዳንድ ስፍራ ከ2,000 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ሸለቆ ይወርዳል። አባቶቻችን ዓመቱን መጸው፣ ሐጋይ፣ ጸደይና ክረምት ብለው ሲከፍሉት፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው፤ ከእንግሊዞቹ ጸደይ ጋር አብዛኛው ይገጥማል። ቃሉ አንድ፣ ወራቱም ተቀራራቢ፤ ውሃው ግን ለየቅል! እነርሱ ጀልባቸውን በሚፈቱበት ወር ተከዜ ከድንጋይ ድንጋይ የሚንጠባጠብ ቀጭን ውሃ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዛፍ ነቅሎ የሚሄድ ጎርፍ ይሆናል። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት የተወለደው እንዲህ ያለውን ወንዝ ሲያይ ከኖረ ሕዝብ ነው። ወንዛችን መንገደኛ ነው፤ ሸክሙም ግንድ ብቻ ነው።

ስለዚህም ወንዝ በታሪካችን መሻገሪያው እንጂ መንገድነቱ አይነሳም። በ4ኛው መቶ ዘመን የነገሠው ኢዛና በአክሱም ባስቀረጸው ጽሑፍ ኖባዎችን ተከዜ ላይ፣ ከማልኬ በተባለ መሻገሪያ፣ እንደ ገጠማቸውና ለ23 ቀናት እንዳሳደዳቸው ይናገራል። በዚያው ድንጋይ ላይ ወንድና ሴት የጫኑ ጀልባዎች ሰዎቻቸውን እንደያዙ መስጠማቸውም ተጽፏል። እንግዲህ በዚህ አገር ጽሑፍ ውስጥ ጀልባ በወንዝ ላይ ስትታይ የሸሸ ሰው ጭና ነው። ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ወደ ጎንደር ሲወጣ ተከዜን ተሻግሮ ስለ ጉማሬና አዞዎቹ ጽፏል፤ እርሱም ተሻገረ እንጂ አልቀዘፈም።

አገሪቱ ጀልባ አታውቅም ማለቴ ግን አይደለም። በጣና ላይ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ እህልና ማገዶ ሲያመላልስ ኖሯል። በምዕራብ ደግሞ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዞች ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆና፣ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በባሮ ወንዝ እየመጡ ቡናችንን ጭነው ይመለሱ ነበር። እነርሱም ቢሆኑ የሚመጡት ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነው። የትግራይ «ጀልባ» ግን ግመል ነበረ። አርሆ ተብሎ የሚጠራው ሲራራ ነጋዴ ከባሕር ወለል በታች ካለው የዳሎል ጠፍ መሬት አሞሌ ጨው ጭኖ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት መቀሌ ሲወጣ ዘመናት ተቆጥረዋል። እንግሊዛዊው ጀልበኛ ከሰሉን፣ አፋሩና ትግራዋዩ ጨዋቸውን፤ ሁለቱም በእግር ፍጥነት!

ተከዜን በርዝመቱ ለመውረድ የሞከረ ሰው የመጣው በእኛ ዘመን ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ባንግስ ከጓደኞቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 በጎማ ጀልባ ሸለቆውን ወረደ፤ በ1999ም ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። ጥቂት ቆይቶ ወንዙ ራሱ መልኩን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ ሥራው ተጠናቀቀና በገደሎቹ መካከል ሰፊ ሐይቅ ተኛ። ከበርሃው ዳር ዓሣ አጥማጆች ወጡ፤ ጀልባም መጣ። የተደለደለ ውሃ በመጨረሻ ለእኛም ደረሰን ያሰኘ ነበር።

ኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲጀመር ከምዕራብ ትግራይ የሸሸው ሕዝብ ተከዜ ሰቲት ተብሎ ወደ ሱዳን ከሚገባበት ዳር ደረሰ። ሐምዳይት ከሚባለው መሻገሪያ ብዙዎች በጀልባ ተሻገሩ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሱዳን የገባው ስደተኛ ከ60,000 በለጠ። በክረምቱ መግቢያ፣ በ2021፣ የተከዜ ድልድይ ፈረሰ። በዚያው ክረምት፣ ወንዙ ግንድ ይዞ በሚዞርበት ወቅት፣ ወድ አልሒሉ በተባለችው የሱዳን ከተማ አጠገብ ሰዎች ከውሃው አስከሬን ሲያወጡና ሲቀብሩ ሰነበቱ፤ ቁጥሩም በደርዘኖች ነበር። ለዘመናት መንገድ አልሆን ያለን ወንዝ በዚያ ዓመት ሰው ተሸክሞ ሄደ። ይህን ስጽፍ ከኢዛና ድንጋይ እስከ ሰቲት ዳር ያለው 1,600 ዓመት አጭር መስሎ ይታየኛል።

አሁን ወደ ውሻው ልመለስ። ሸሽቶ ከወንዝ ዳር የደረሰ ሰው ጀልባ ላይ የሚጭነው ልጁንና አቅመ ደካማ እናቱን ነው፤ ቦታ ከተረፈም አንዲት ጀሪካንና ጥቂት ልብስ። ለውሻ ስፍራ የለም። ውሻውም ማንም በሌለበት ግቢ ተቀምጦ በበላበት ይጮኻል። ስለዚህ በጀልባ ላይ የተቀመጠ ውሻ ለእኔ የቅንጦት ምልክት አይደለም። ባለቤቱ እንዳልቸኮለ፣ ማንም እንዳላሳደደው፣ ማታ የሚመለስበት ስፍራ እንዳለው የሚመሰክር እንስሳ ነው። ሰላም በስምምነት ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ የእኛም በፕሪቶሪያ ኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ተፈርሟል። መድረሱ የሚታወቀው ግን እንዲህ ባሉ ጥቃቅን ነገሮች ይመስለኛል።

የእንግሊዝ ቦይ የድሃ ጀልበኛን ላብ ወደ ሽርሽር ለመለወጥ 200 ዓመት ፈጀ። ተከዜ ስንት እንደሚፈጅ ማን ያውቃል? ገደሉ ገደል ነው፤ በጸደይ መጉደሉም፣ በክረምት መቆጣቱም አይቀርም። ሐይቁ ግን በገደሎቹ መካከል ተኝቷል። አንድ ቀን፣ ከመስቀል በኋላ ውሃው ሞልቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ አንድ ሰው በእግረኛ ፍጥነት ይቀዝፍበት ይሆናል፤ ወዴትም ሳይሸሽ፣ ውሻውን ከፊቱ አስቀምጦ።