«ብለዋል» ከማለታችን በፊት፦ የዐፄ ቴዎድሮስ አባባሎችና ምንጮቻቸው



ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከበሽሎ ሸለቆ በላይ፣ መቅደላ አምባ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳልፈዋል። ከዚያ ወዲህ በስማቸው የሚጠቀሰው ንግግር እየበዛ ሄዷል። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው፤ እነዚህን ቃላት በእርግጥ ተናግረዋቸዋልን?

እጅግ የታወቀው አባባል፣ አውሮፓውያን አስቀድመው ሚሲዮናውያንን፣ ቀጥለው ቆንስሎችን፣ በመጨረሻም ጦር ይልካሉ የሚለው ነው። ከቀደምት የጽሑፍ ምንጮቹ አንዱ ፈረንሳዊው ቆንስል ጊዮም ለዣን ስለ ንጉሠ ነገሥቱ የጻፈው መጽሐፍ ነው። ለዣን ንጉሡን በአካል ያውቃቸዋል፤ በእርሳቸው ትእዛዝም ታስሯል። ስለዚህ ቅርበት አለው፤ ቂምም ሊኖረው ይችላል። የጻፈው ደግሞ በፈረንሳይኛ ነው። እንግዲህ በአማርኛ ስንጠቅሰው ትርጉምን መልሰን እየተረጎምን ነው። ሐሳቡ የንጉሡ ሊሆን ይችላል፤ ቃሉን ግን በትእምርተ ጥቅስ ልናስረው አይገባም።

የመጨረሻ ቃላቸውም እንዲሁ ነው። በዚያች ሰዓት አጠገባቸው የነበረው አሽከራቸው ወልደ ጋብር ነው። እርሱ የተናገረውን እንግሊዞች በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ ተውኔትና ልቦለድም በየዘመኑ አዳዲስ ቃል ጨመሩበት። ጸሐፌ ተውኔት ይህን ማድረጉ የሙያው ግዴታ ነው፤ ስሕተቱ የመድረኩን ቃል ወደ ጥናታዊ ጽሑፍ ስናዛውር ነው።

እነዚህን አባባሎች የምንመረምረው ንጉሡን ዝም ለማሰኘት አይደለም። ከአሮጌው ውጊያ ማግስት፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ለጄኔራል ናፒየር ያጻፉት ደብዳቤ አለ። በውስጡ ግብር ስለጣሉባቸውና በሥርዓት ሊያስተዳድሯቸው ስለፈለጉ የአገራቸው ሰዎች ጀርባ እንደሰጧቸው፣ ጠላታቸው ያሸነፋቸውም ሥርዓት በያዘ ሠራዊት መሆኑን ይገልጻሉ። ይህ ከተረጋገጡት ቃላቸው አንዱ ነው፤ ሆኖም በየአደባባዩ ሲጠቀስ አንሰማም።

ለምን? እንደ እኔ እምነት፣ የቆንስሎቹ አባባል ንጉሡን ከአውሮፓ ጋር ብቻ ያፋጥጣቸዋል፤ ደብዳቤው ግን ሕዝቡን ወደ ታሪኩ ይመልሳል። ጀርባ ሰጡኝ ካሏቸው መካከል ወሎ ይገኝበታል። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎ በገቡ ጊዜ ወይዘሮ ወርቂት አሳልፈው አልሰጧቸውም፤ በመቅደላ ታግቶ የነበረው ልጃቸውም በቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገደለ። የሚመቸንን ጥቅስ ብቻ ስንመርጥ፣ የንጉሡን ምሬትም የእኚህን እናት ሐዘንም አብረን እንሰርዛለን።

ችግሩ የመቅደላ ብቻ አይደለም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በአማርኛ ያደረጉት ንግግር በጽሑፍ አለ። ዛሬ በእኛ የደረሰው ነገ በእናንተ ይደርሳል የሚለው ዝነኛ አባባል ግን ከመድረክ ሲወርዱ እንደተናገሩት ይነገራል እንጂ በንግግሩ ጽሑፍ ውስጥ አይገኝም። ንግግሩ የሚያበቃው ለሕዝቤ ምን መልስ ልውሰድ በሚል ትርጉም ባለው ጥያቄ ነው። ትንቢቱ ጥያቄውን ሸፈነው፤ መልስ የነፈጉት መንግሥታትም ከተጠያቂነት ወደ ተራ አድማጭነት ወረዱ።

ስለዚህ ጥቅስ ሲገጥማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ማን ሰማው? በምን ቋንቋ ተነገረ? መቼ ተጻፈ? ይህ ማለት የአፍ ታሪክ ይጣል ማለት አይደለም። በቦረና፣ በለጋምቦ፣ በተንታ ከአዛውንት የምትሰሙትን መዝግቡ፤ ተራኪው ከማን እንደሰማው፣ መቼና የት እንደነገራችሁም አብራችሁ ጻፉ። «ይባላል» የሚለው ቃል ለአንድ ጥናት ውርደት አይደለም። አንባቢው የነገሥታቱን ድምፅ ከእኛ ድምፅ የሚለይበት ምልክት ነው።