በሌላ ሰው ስም የገነነው አርሞኒካ ነፊ



አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ፤ ደግሞም «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ዛሬ የምናወሳው የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ታሪክ ሁለቱንም ምሳሌዎች የሚፈትን ነው። ይህ ሰው የገነነበትን ስም መልአክ አላወጣለትም፤ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ራሱ ወሰደው እንጂ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የስሙ የመጀመሪያ ባለቤት ጆን ሊ ዊሊያምሰን ነበረ። በ1914 በቴነሲ ግዛት፣ በጃክሰን ከተማ አጠገብ ተወለደ፤ «ሳኒ ቦይ» በሚል የቁልምጫ ስም ይጠራ ነበር። ሙያው ብሉዝ ነው። ብሉዝ የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ጥቁሮች፣ በጥጥ እርሻ እየደከሙ፣ ኀዘናቸውንና ቀልዳቸውን የገለጹበት የዘፈን ዓይነት ነው። አርሞኒካም ከጀርመን አገር እየመጣ በርካሽ ይሸጥ የነበረ የኪስ መሣሪያ ስለሆነ፣ ፒያኖ መግዛት ለማይችለው ሠራተኛ ይመቸው ነበር። ጆን ሊ ሜይ 5 ቀን 1937 በኢሊኖይ ግዛት፣ በአውሮራ ከተማ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች አስቀረጸ። ከዚያም በኋላ ከመቶ ሃያ የሚበልጡ ዘፈኖችን አስቀርጾ፣ ብዙዎች እንደ መጫወቻ ይቆጥሩት የነበረውን አርሞኒካ ከጊታርና ከፒያኖ ጋር የሚወዳደር ዋና መሣሪያ አደረገው። ሸክላዎቹም እስከ ደቡብ ገጠር ድረስ ዘለቁ።

የታሪካችን ዋና ሰው ግን አሌክ ሚለር ነው። የተወለደው በሚሲሲፒ ግዛት በእርሻ ሠራተኞች መካከል ነው። የልደቱን ዘመን እርሱ ራሱ በተለያየ ጊዜ ለያይቶ ይናገር ስለነበረ፣ መዛግብትም አልተስማሙበትም፤ ሆኖም የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ ከጆን ሊ ልደት የሚቀድሙ ናቸው። በ1930ዎቹ ዓመታት አርሞኒካውን ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ፣ በመንገድ ዳርና በመጠጥ ቤት ይጫወት ነበር። ሃውሊን ዎልፍ የተባለው ታላቅ ዘፋኝ አርሞኒካ መንፋት የተማረው ከዚህ ሰው ነው። ሚለር በሙያው ማንንም የማያፍር ሰው ይሁን እንጂ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ አንድም ሸክላ አላስቀረጸም።

በኖቬምበር 1941 በአርካንሳስ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሄሌና ከተማ፣ ኬ.ኤፍ.ኤፍ.ኤ. የተባለ የራዲዮ ጣቢያ ተከፈተ። አንድ የሸቀጣሸቀጥ ኩባንያ «ኪንግ ቢስኬት» የተባለውን የስንዴ ዱቄቱን ለማስታወቅ ሲል በየቀኑ በምሳ ሰዓት የሩብ ሰዓት የሙዚቃ ፕሮግራም አቋቋመ። በጥቁር ሙዚቀኞች የሚቀርብ የራዲዮ ፕሮግራም በዚያ አገር ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ የእርሻ ሠራተኞች ከጥጡ ማሳ ለምሳ ሲመለሱ ተሰብስበው ያዳምጡት ጀመር። ሚለር በዚህ ፕሮግራም ላይ የቀረበው «ሳኒ ቦይ ዊሊያምሰን» እየተባለ ነው። ራዲዮ ድምፅን እንጂ መልክን አያሳይምና፣ ሸክላውን የሚያውቅ አድማጭ ሰውየው ያው እርሱ መስሎት ቢሳሳት አይፈረድበትም። ኩባንያውም ገበያው ሲደራለት «ሳኒ ቦይ» የተባለ የበቆሎ ዱቄት አወጣ፤ በከረጢቱም ላይ የሚለርን ሥዕል አተመ።

ጆን ሊ ጁን 1 ቀን 1948 በቺካጎ ከተማ፣ ከሚጫወትበት ቤት ወደ መኖሪያው ሲሄድ ሌሊት በመንገድ ላይ ተደብድቦ ሞተ። ዕድሜው 34 ዓመት ብቻ ነበረ። ከዚያ ወዲህ በስሙ የሚሟገት ሰው አልተገኘም። ሚለርም የስሙ ጥንተኛ ባለቤት እኔ ነኝ እያለ ይናገር ነበር። በዕድሜ ታላቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዕድሜ የስም ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ስሙን በሸክላ ያስከበረው ጆን ሊ ነበርና።

የሚያስገርመው ግን የተከተለው ነገር ነው። በ1951 ወይዘሮ ሊሊያን መክመሪ የተባሉ ነጋዴ፣ በሚሲሲፒ ግዛት ባቋቋሙት ትራምፔት በተባለው ኩባንያቸው አማካይነት የሚለርን ዘፈኖች በሸክላ አሳተሙለት። ከ1955 ጀምሮ ደግሞ ወደ ቺካጎ ተሻግሮ ቼከር ለተባለው ኩባንያ እስከ 1964 ድረስ ሰባ ያህል ዘፈኖችን አስቀረጸ። እነዚህ ዘፈኖች የጆን ሊ ቅጂ አይደሉም። ሚለር አርሞኒካውን በሁለት መዳፉ ሸፍኖ፣ መዳፉን በመክፈትና በመዝጋት ድምፁን ያስለቅሰው ነበር፤ ጥቂት ነፍቶ ዝም ይላል፤ ከዚያ እንደሚያወጋ ሰው ዘፈኑን ይቀጥላል። ግጥሙንም አብዛኛውን ራሱ ይደርስ ነበር። በ1951 የታተመውን የዓይነ ስውሩን ዘፈን ዘ ሁ የተባሉት እንግሊዛውያን ሙዚቀኞች በ1969 ቶሚ በተባለው ሥራቸው ውስጥ አስገብተውታል።

በ1963 ከሌሎች የብሉዝ ሙዚቀኞች ጋር ወደ አውሮፓ ተጓዘ። በእንግሊዝ አገርም ሁለት ቀለም ያለው ሙሉ ልብስ አሰፍቶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጃንጥላ ይዞ ይታይ ጀመር፤ ኤሪክ ክላፕተንን የመሳሰሉ ወጣቶችም አጅበውት ተጫወቱ። ይህ ሁሉ ክብር ከተሰጠው በኋላ ወደ ሄሌና ተመልሶ በዚያው በዱቄቱ ፕሮግራም ላይ መጫወቱን ቀጠለ። ሜይ 25 ቀን 1965 በመኖሪያው ሞቶ ተገኘ።

እንግዲህ ፍርዱ ምን ይሁን? ሥራው ያማረ ስለሆነ ስም መውሰዱ ይሰረይለታል ማለት አይገባም። ስሙን ስለወሰደ ሥራው ከንቱ ነው ማለትም እንዲሁ ፍርደ ገምድልነት ነው። ያለ ጆን ሊ ስም የራዲዮው በር ይከፈትለት እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም፤ በሩ ከተከፈተለት በኋላ ግን ሃያ አራት ዓመት ያቆመው የገዛ ትንፋሹ ነው። የበደሉ ዋጋ የተከፈለው በሟቹ በኩል ነው። የሚለር ዝና እየገነነ በሄደ ቁጥር፣ ስሙን ያስከበረው ሰው እየተረሳ ሄደ። በጆን ሊ መቃብር ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ የቆመው በ1990፣ ከሞተ አርባ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ሚለርም ቢሆን አልተሳካለትም፤ በሚሲሲፒ ግዛት በመቃብሩ ላይ የቆመው ድንጋይ የሞተበትን ቀን አሳስቶ ጁን 23 ይላል።

የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለቱን ሰዎች እንደ ነገሥታት «አንደኛው» እና «ሁለተኛው» ሳኒ ቦይ ዊሊያምሰን እያሉ ይለዩአቸዋል። ይህ አጠራር ትንሽ ነገር ቢመስልም ፍትሕ አለበት፤ ለአንደኛው ቀዳሚነቱን ይመልስለታል፣ ለሁለተኛውም ሥራውን አይነፍገውም። ስም ከመቃብር በላይ የሚውል ከሆነ፣ የማን ስም እንደዋለ መርምሮ በትክክል መጻፍ የሕያዋን ዕዳ ነው።